«እሱ እኮ ቢጠጣም አይሰክርም»

ደብዳቤው (ትንሽ አሳጥሬዋለሁ)

«ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁን ጣርማ በር አካባቢ አስተምራለሁ። አባቴ ጠጪ ነበር። ጉበቱ ተጎድቶ ከአራት ዓመት በፊት ዐረፈ። የእሱም አባት ጠጪ እንደነበሩ ዘመድ ሁሉ ያወራል። እናቴ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን፤ አሁንም ከሱ ሌላ ገቢ የላትም።

የ23 ዓመት ወንድም አለኝ። ባጃጅ ይነዳል። ማታ ማታ ይጠጣል፤ ግን አይሰክርም። ጓደኞቹ ጥንብዝ ሲሉ በየቤታቸው የሚያደርሳቸው እሱ ነው። ሰፈሩ ‹እሱ እኮ ቢጠጣም አይሰክርም› እያለ ያደንቀዋል። እናቴም ‹ይሄኛው እንደ አባቱ አይደለም› እያለች ትጽናናለች።

ዘንድሮ እጮኛዬ ሽማግሌ ሊልክ ሲዘጋጅ እናቱ አሻፈረኝ አሉ። ‹ዘር ከልጓም ይስባል፤ ከሰካራም ቤት አላጋባህም› ነው ያሉት። እኔ በበዓል ጠላ ካልሆነ አልጠጣም። እውነቱን ለመናገር ግን ስጠጣም ምንም አይለኝም። በእርግጥ ይሄ ነገር በደም ይተላለፋል? የምወልዳቸው ልጆችስ? ወንድሜንስ ልተወው ወይስ ልናገረው?»

መልስ

ውድ እህቴ፣

የእጮኛሽ እናት የተናገሩት አናዶሻል። ያናድዳልም። ግን እሳቸውን ለኋላ እናቆያቸው። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ ወንድምሽ ነው። እናትሽ የሚጽናኑበት፣ ሰፈሩ የሚያደንቀው አለመስከሩ። ለምን እንደሆነ እንዲገባሽ መጀመሪያ ስለ ዘር ጥቂት ማውራት ይኖርብናል።

በደም ይተላለፋል ወይ? በከፊል፣ አዎ።

ነገሩን የሚያጠኑ ሰዎች ትልቁ ራስ ምታታቸው የእናንተን ቤት የመሰለ ቤት ነው። ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ደሙን ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ይወርሳል። ሽታውን ለምዶ፣ ጭቅጭቁን ሰምቶ፣ ብርጭቆው ሲሞላና ሲጎድል እያየ ያድጋል። ታዲያ ኋላ እሱም ሲጠጣ ደሙ ጎትቶት ነው ወይስ ያየውን እየደገመ? ይህን ለመለየት ዴንማርክ ውስጥ አንድ ጥናት ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ። አጥኚዎቹ የፈለጉት በመጠጥ ሱስ ከተያዘ ወላጅ ተወልደው፣ ገና በጨቅላነታቸው ዘመድ ላልሆነ ሰው በማደጎ የተሰጡ ወንዶችን ነበር። የወለዳቸውን ሰው ብርጭቆ ይዞ አላዩትም። እንዲያም ሆኖ ከ100ው 18 ያህሉ ካደጉ በኋላ በመጠጥ ሱስ ተይዘው ተገኙ። ጠጪ ካልሆነ ወላጅ ተወልደው በማደጎ ካደጉት ውስጥ ግን ከ100ው 5 ያህሉ ብቻ ናቸው የተያዙት።

ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ትንሽ አይደለም፤ አልዋሽሽም።

አሁን ደግሞ ያንኑ ቁጥር ገልብጠሽ እዪው። ከጠጪ ወላጅ ከተወለዱት 100 ሰዎች 82ቱ ሱሰኛ አልሆኑም። የእጮኛሽ እናት የሚያውቁት 18ቱን ነው፤ ምክንያቱም የሚታዩት እነሱ ናቸው። ጠጪ አባት ኖሮት ራሱ በሰላም የሚኖረውን ሰው ማን ዘሩን ጠይቆ ያውቃል?

ከዚያ ወዲህ በመንትዮች ላይ ብዙ ተጠንቷል። ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ጂናቸው (ከወላጅ የሚወረሰው ዘረመላቸው) አንድ ነው። የማይመሳሰሉት ደግሞ እንደ ማንኛውም እህትና ወንድም በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። አንዱ በመጠጥ ሲያዝ ሌላውም የመያዙ ነገር የሚበዛው በተመሳሳዮቹ ላይ ነው። ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲታዩ ለመጠጥ ሱስ የመጋለጥ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ይህን «ግማሽ» ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አንቺ ሱሰኛ የመሆን ዕድልሽ 50 በመቶ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ሲታይ አንዱ ተይዞ ሌላው የሚተርፍበት ምክንያት ግማሹ ከዘር፣ ግማሹ ደግሞ ከኑሮ ይመጣል ማለት ነው። ስለ አንቺ ለብቻሽ የሚነግርሽ ነገር የለውም።

«የስካር ጂን» የሚባል አንድ ነገርም የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 3.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ታትሞ ነበር፤ ስለ መጠጥና ስለ ሲጋራ። ያገኘው በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የዘረመል ልዩነቶችን ነው። እያንዳንዳቸው የሚያመጡት ለውጥ ኢምንት ነው። አንዳንዱ ሰውየውን ችኩል ያደርገዋል። አንዳንዱ ጭንቀት ያበዛበታል፣ ጭንቀቱን ደግሞ በመጠጥ ያስታግሳል። አንዳንዱ ጉበቱ መጠጡን የሚፈጭበትን ፍጥነት ይነካል። ስለዚህ አንድ ሰው ብልቃጥ ይዞ «ደምሽን ስጪኝ፣ ሱሰኛ ትሆኚ እንደሆነ ልንገርሽ» ካለሽ ገንዘብሽን አስቀምጪ። ለአንድ ሰው ያንን አስተማማኝ አድርጎ የሚናገር ምርመራ የለም።

ከዚህ ሁሉ ጥቃቅን መካከል አንድ ሁለቱ ግን ጉልበታቸው ከፍ ያለ ነው፤ የወንድምሽንም ነገር ያስረዱልኛል። አልኮል ጉበት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ አንድ ኢንዛይም (አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ የሰውነት ፕሮቲን) አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይለውጠዋል። ከዚያ ሌላ ኢንዛይም እሱን ወደማይጎዳ ነገር ይቀይረዋል። በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ከሦስት ሰው አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይህ ሁለተኛው ኢንዛይም በዘር ደካማ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቢራ ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይመታል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። መጠጥ ያስጠላቸዋል። ስለዚህም በመጠጥ ሱስ የሚያዙት ከሌላው ሰው በጣም ያነሱ ናቸው። ዳይሰልፊራም የሚባለው መጠጥ ማስተዊያ ክኒን የሚሠራው ይህንኑ ኢንዛይም አግዶ ነው። በክኒን የእነዚያን ሰዎች ሰውነት እንደመዋስ ቁጠሪው።

ስለዚህ መጠጥ ቶሎ የሚረብሸው ሰው በተፈጥሮው ተጠብቋል። የማይረብሸውስ?

ወደ ወንድምሽ መጣን። አሜሪካ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ማርክ ሹኪት የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ተከታትለውታል። 20 ዓመት አካባቢ የሆናቸውን ወጣት ወንዶች ሰበሰቡ። ከፊሎቹ አባታቸው በመጠጥ ሱስ የተያዘ፣ ከፊሎቹ ያልተያዘ። ሱሰኛ የሆነ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። በልካቸው ተመዝኖ አልኮል ይሰጣቸውና «ምን ተሰማህ?» ይባላሉ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ምን ያህል እንደሚወዛወዙም ይለካል። ከጠጪ አባት የተወለዱት በአማካይ ያንኑ መጠን ጠጥተው ስሜቱ ቀለል ይላቸው ነበር። የሚወዛወዙትም ያነሰ ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሹኪት እንደገና ፈለጓቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ውጤት ይህ ነው፦ ከጠጪ አባት ተወልደው መጠጡ ብዙም ካልተሰማቸው መካከል 56 በመቶው ሱሰኛ ሆነዋል። ከጠጪ አባት ተወልደው መጠጡ ቶሎ ከሚሰማቸው መካከል ግን 14 በመቶው ብቻ።

ሁሉም የጠጪ ልጆች ናቸው። የለያቸው በወጣትነታቸው «ምንም አይለኝም» ማለታቸው ነው።

በእኛ አገር ይህን እንደ ሙያ ነው የምንቆጥረው። ሠርግ ቤት ሄደሽ ስሚ። «እሱ ጋን ቢጠጣ አይታወቅበትም» ሲባል ሰው በአድናቆት ነው የሚናገረው። በሁለት መለኪያ ምላሱ የሚተሳሰረው ደግሞ መሳቂያ ነው። የሚሳቅበት ሰው ግን ሰውነቱ በጊዜ በቃህ ይለዋል። ወንድምሽ ጌጁ እንደተበላሸ ባጃጅ ነው። ታንኩ እየሞላ መርፌው ንቅንቅ አይልም። ጓደኞቹ በሦስተኛው መለኪያ የሚያገኙትን ሞቅታ እሱ ለማግኘት ስድስት ሰባት ያስፈልገዋል። ጉበቱ ግን ሰባቱንም ይቆጥራል፤ አንጎሉም እንዲሁ። በየምሽቱ ብዙ መጠጥ ሲገባ ሰውነት ይለምዳል። የተለመደው መጠን አልበቃ ይላል። ከዚያ ይጨመራል። ሱስ የሚባለው እንዲህ ነው የሚገባው። አንድም ቀን ሳይንገዳገድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድምሽ አለመስከሩ አብሮት የተወለደ ነው ወይስ በመልመድ የመጣ፣ ከሩቅ ሆኜ መለየት አልችልም። በጥያቄ ግን ፍንጭ ይገኛል። መጀመሪያ መጠጣት ሲጀምርም እንዲሁ ነበር? ወይስ ዱሮ በሁለት ቢራ ይሞቀው የነበረው አሁን አልሞቅ ብሎት ነው? የመጀመሪያው ከሆነ አደጋው ከፊቱ ነው። ሁለተኛው ከሆነ መንገዱን ጀምሮታል። በሁለቱም መንገድ እናትሽ የሚጽናኑበት ነገር ማጽናኛ አይደለም። አባትሽስ በ23 ዓመታቸው እንዴት ነበሩ? እናትሽን በደህና ቀን ጠይቂያቸው። «ያኔ እንኳ መጠጥ አይጥለውም ነበር» የሚሉሽ ይመስለኛል።

ባጃጁንም አትርሺ። ስካር ስላልተሰማው እጁና ዓይኑ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ማታ ሰካራም ጭኖ ቤት ለቤት የሚያደርስ እሱ ራሱ የጠጣ ሰው ነው። ይህን «ኃላፊነት የሚሰማው ልጅ» ብሎ ማመስገን ይቁም።

ልናገረው ወይስ ልተወው ላልሽኝ፣ ተናገሪው። «አባትህን ልትሆን ነው» ግን አትበዪው። ይህን ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶታል። ወይ ይናደዳል፣ ወይ «እኔ መቼ ሰክሬ አየሽኝ?» ይልሽና መልስ ያጥርሻል። ማታ አትናገሪው። እናትሽ ፊት ወይም ጓደኞቹ ባሉበት አትናገሪው። ጠዋት ሥራ ሳይጀምር፣ ቡና ላይ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ እንዲህ በዪው፦ «አለመስከርህ ነው ያስፈራኝ። የእኛ ቤት ልጆች መጠጥ ቶሎ አይሰማንም፤ እኔም እንደዛው ነኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ይበልጥ ይያዛል ይላሉ።» ራስሽን ከሱ ጋር አንድ ላይ ስታስገቢ ዳኛ ሆነሽ አልመጣሽም። እህቱ ሆነሽ ነው የመጣሽው።

ከዚያ ጠይቂው። በሳምንት ስንት ቀን ሳይጠጣ ያድራል? ሲጀምር «ዛሬ ሁለት ብቻ» ብሎ ሁለት ላይ ያቆማል? ጠዋት አፍ ማሟሻ ይፈልጋል? እጁ ይንቀጠቀጣል? ሰው ስለ መጠጡ ሲያነሳበት ቱግ ይላል? ጤና ጣቢያ ቢሄድ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸውና ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው አሥር ጥያቄዎች አሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጁም። «ሱሰኛ ነህ ተብለህ ሂድ» አትበዪው። «ጉበትህን እንያት፣ የአባባ ነገር አለብን» ማለቱ ይሻላል። ውሸትም አይደለም።

«ለብርዱ ነው የምጠጣው» ይልሽ ይሆናል። የደብረ ብርሃንን ሌሊት አውቀዋለሁና አልፈርድበትም። ግን አልኮል የሚያሞቀው ቆዳን ነው። የቆዳ የደም ሥሮችን ይከፍታል፤ ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰውየው ሞቆኛል ሲል ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ነው። ጋቢና ትኩስ ሻይ ይሻሉታል።

ጠዋት እጁ የማይንቀጠቀጥና የማያልበው ከሆነ ብዙ መንገድ አለው። በሳምንት ቢያንስ ጥቂት ቀን ጭራሽ አለመጠጣት። ዙር የሚገዛበት ጠረጴዛ ላይ አለመቀመጥ፣ ምክንያቱም ዙር ላይ የሚቆጥረው ሌላ ሰው ነው። ከአረቄ መራቅ። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ቢራ ወደ 5 በመቶ ገደማ ነው። ለማይሰማው ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሲሰማኝ አቆማለሁ» የሚለውን መተው። እሱ አይሰማውም። ከቤት ሳይወጣ ቁጥር ይወስን።

መንቀጥቀጡ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ክፍል እባክሽ ሁለቴ አንብቢው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቁጭ አድርጎ ሲያቆም ሊሞት ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በስድስት ሰዓት ገደማ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ጭንቀት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ የሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ይሄዳሉ ይላል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ በሆስፒታል የሚታከም ነገር ነው። ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አለላችሁ። ከአቅም በላይ ከሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል ነው። አማኑኤል ሲባል ሰው ይሸማቀቃል፤ ያልተሸማቀቀ ግን ታክሞ ይመጣል።

ጸበልን የምነቅፍ እንዳይመስልሽ ፈርቼ ዘልዬው ነበር፤ ግን ማንሳት አለብኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብዙ ሰው ከመጠጥ ለመላቀቅ መጀመሪያ የሚሄደው እንደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወዳለ ጸበል ነው፤ ወይ የንስሐ አባቱ ይገዝቱታል። ብዙ ሰው በግዝቱ ጸንቶ ቀርቷል፤ እምነቱ፣ ከጓደኛ መራቁ፣ አብረውት የሚጸልዩት ሰዎች ኃይል ይሰጡታል። አልነቅፍም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲያንቀጠቅጠውና ሲቃዥ «መንፈሱ ጮኸ» ተብሎ ታስሮ የሚቀር ሰው አለ። መንቀጥቀጥ ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ መድኃኒቱን ይዞ ጸበሉን ይቀጥል። መድኃኒት ከጸበል ጋር አይጣላም። የንስሐ አባታችሁን ቀድመሽ ብታማክሪያቸው ደግሞ ከአንቺ ይልቅ እሳቸው ቢነግሩት ይሰማል።

አሁን እናትሽ። ስለ አረቄው ጥፋተኛ አድርገሽ እንዳትናገሪያቸው። «ይተዉት» ማለት ለእኔ ይቀለኛል፤ የቤታቸውን ወጪ የምሸፍነው እኔ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ፊንላንድ ውስጥ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ዘር እንደየአካባቢው ጉልበቱ ይለያያል። መጠጥ በብዛት በሚሸጥበት አካባቢ የዘር ተጽዕኖ ጎልቶ ይወጣል። መጠጥ እንደ ልብ በማይገኝበትና ሰው በሚተያይበት ቦታ ይቀንሳል። ወንድምሽ ያለው የት ነው? አረቄ እንደ ውኃ በሚቀዳበት ቤት። ለሌላው ሰው ዋጋ አለው፤ ለእሱ ነጻ ነው።

ስለዚህ እናትሽ ሥራቸውን ሳይተዉ ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። አረቄ ሲወርድ ጥንካሬውን ለማወቅ ጠብታውን በጣታቸው ያዝ አድርገው ይቀምሱ ይሆናል። «እስቲ አንተ ቅመስልኝ» ብለው ለልጃቸው የሚሰጡ ከሆነ ያ ዛሬ ይቁም። በሃይላንድ ተሞልቶ አልጋ ሥር የሚደረደረው ቁልፍ ባለው ሳጥን ይግባ። ስንት ሃይላንድ እንዳለ ይቆጠር። ማታ ወንድምሽ ሲመጣ እራት ይቅረብለት እንጂ መለኪያ አይቅረብለት። ከተቻለም ወንድምሽ ከጓደኛ ጋር ቤት ተከራይቶ ይውጣ፤ ከማይጠጣ ጓደኛ ጋር። እናትየው ያዝኑ ይሆናል። ያዝኑ።

የእጮኛሽ እናት ተራ ደረሰ።

ሴትዮዋ ፈርተው ነው። ልጃቸው የሰካራም ቤት ስቃይ እንዳይገባ ነው የፈለጉት። ስለዚህ መልሱን አንቺ በቀጥታ አትስጪ፤ ሽማግሌዎቹ ይስጡ። አባትሽ ጠጪ እንደነበሩ አይደብቁ፤ አገር የሚያውቀው ነው። «አዎ፣ አባቷ በመጠጥ ሞተዋል። የጠጪ ልጅ ሁሉ ግን ጠጪ አይሆንም፤ አብዛኛው አይሆንም። እሷን ደግሞ አይተናታል» ይበሉ። እጮኛሽ ግን ሁሉንም ከአንቺ አፍ ይስማ። የወንድምሽንም ነገር ጨምሮ። ከሰፈር ከሰማው የእናቱ ቃል እውነት ሆኖ ይቀርበታል።

ስለ ራስሽ «ስጠጣም ምንም አይለኝም» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሻል። እኔ አላልፈውም። ሹኪት ያጠኑት ወንዶችን ነበር። ሴት በመሆንሽ ግን ሌላ ነገር አለ። የሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ በአማካይ ከወንድ ያንሳል፤ ስለዚህ ያንኑ መጠን ስትጠጣ ደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበዛል። ጉበቷም ቶሎ ይጎዳል። በበዓል ጠላ መቅመስሽ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ኀዘን ወይም ጭንቀት በመጣ ቀን «እኔን እኮ ምንም አይለኝም» ብለሽ መቀመጥሽ ነው። ለወንድምሽ የነገርኩት ላንቺም ነው፦ በስሜት ሳይሆን በቁጥር። ጭራሽ ብትተዪው ደግሞ የሚጎድልሽ ነገር የለም።

ልጆችሽስ? ከአንቺ ብቻ ሳይሆን ከአባታቸውም ይወርሳሉ። ጂኖቹ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ እንደ አዲስ ይደባለቃሉ። አያታቸውን መስለው የሚወጡ ይኖራሉ፣ አንድ ብርጭቆ የማይችሉም ይወጣሉ። ያንን አንቺ አትመርጪም። በእጅሽ ያለው ሌላ ነው። አንደኛው ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ነው። ያኔ ጠላም ጠጅም አትቅመሺ፤ «ጠላ ደም ይሆናል፣ ጉልበት ይሰጣል» ቢሉሽም። አልኮል በቀጥታ ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ አንጎሉን ይጎዳል። ይህ ጉዳት በዘር የመጣ አይደለም፤ መከላከልም ይቻላል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሰፊ ጥናት ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት የጀመሩት እስከ 21 ዓመት ከቆዩት ይልቅ አራት እጥፍ ያህል በሱስ ተይዘው ተገኝተዋል። ከፊሉ በዘር ይሆናል፤ ቶሎ የሚጀምሩት ቀድሞም የተጋለጡት ናቸውና። ቢሆንም ጅማሬውን ማዘግየት የሚጎዳ ነገር የለውም። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ ግን የሚመለከተው ሻጭን ነው። ፋሲካ ላይ ሕፃን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «አንድ ጉንጭ ምን ይላታል» የምትል አያትን ማንም አይከለክላትም። ያንን የምትከለክዪው አንቺ ነሽ። አያትየዋ «ዘር ከልጓም ይስባል» ባዪዋ ሴትዮ ቢሆኑ ደግሞ አክብረሽ፣ ጉልበት ስመሽ፣ ጽዋውን ከልጅሽ አፍ ትወስጂያለሽ።